የጄምስ ስቱዋርት ፊልሞች በቴሌቪዥን በተከታታይ ሲታዩ፦ አመራረጥ፣ ዝግጅትና አተያይ

አንድ የቴሌቪዥን ጣቢያ የአንድን የድሮ ሆሊውድ ተዋናይ ፊልሞች ሰብስቦ ቀኑን ወይም ወሩን ሙሉ ሲያሳይ፣ አብዛኛው ተመልካች ሪሞቱን ያነሣና የደረሰበትን ያያል። ለአንዳንድ ተዋናዮች ይህ አይጎዳም፤ የትኛውንም ፊልማቸውን ብታዩ ያው ናቸው። ጄምስ ስቱዋርት ላይ ግን አይሠራም። የ1939ኙን ብቻ ያየ ሰው «የዋህ፣ ቀጭን፣ ሲናገር የሚንተባተብ ልጅ» ብሎ ያልፈዋል። የ1958ቱን ብቻ ያየ ደግሞ ያ የዋህነት የት እንደደረሰ አያውቅም። (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

በመካከላቸው ጦርነት አለ። ስቱዋርት በማርች 1941 ወደ አሜሪካ ጦር ገባ፤ በቢ-24 ቦምብ ጣይ አውሮፕላን በአውሮፓ ሰማይ 20 ግዳጅ ፈጸመ፤ ወደ ካሜራ ሲመለስ ፊቱ በስሎ ነበር። ስለዚህ መርሐ ግብሩ እንደወጣ እስክሪብቶ ያዙና 1941 ላይ መስመር አስምሩ። ከመስመሩ በላይም በታችም ፊልም ካልመረጣችሁ፣ ተከታታዩ ለእናንተ የተበታተኑ ፊልሞች ክምር ብቻ ነው የሚሆነው።

የትኞቹን?

ስድስት ይበቃሉ። ከጦርነቱ በፊት «ሚስተር ስሚዝ ጎዝ ቱ ዋሽንግተን» (1939፣ 129 ደቂቃ) እና «ዘ ሾፕ አራውንድ ዘ ኮርነር» (1940፣ 99 ደቂቃ)። ማጠፊያው ላይ «ኢትስ ኤ ዎንደርፉል ላይፍ» (1946፣ 130 ደቂቃ)። ከዚያ ወዲህ «ዊንቸስተር 73» (1950፣ 92 ደቂቃ)፣ «ሪር ዊንዶው» (1954፣ 112 ደቂቃ) እና «ቨርቲጎ» (1958፣ 128 ደቂቃ)። ድምራቸው 690 ደቂቃ ነው፤ አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል። በአንድ ቀን አትሞክሩት፤ ለሦስት ቀን ሁለት ሁለት አድርጉት። «ቨርቲጎ»ን ሌሊት መጨረሻ ላይ አታድርጉ። የመጀመሪያው አጋማሽ ውስጥ በሳን ፍራንሲስኮ ጎዳናዎች መኪና በመኪና የሚከታተልበት ረጅም ክፍል አለ፤ ንግግር የለውም ማለት ይቻላል፤ የደከመ ሰው እዚያ ላይ ይተኛል።

«ዘ ፊላደልፊያ ስቶሪ» (1940) የምርጥ ተዋናይ ኦስካር ያገኘበት ስለሆነ ሁሉም ይመክረዋል። ጥሩ ፊልም ነው፤ ግን የካትሪን ሄፕበርንና የኬሪ ግራንት ፊልም ነው። ጊዜ ካጠረ የሚቀነሰው እሱ ነው። «ዊንቸስተር 73» ዝርዝሩ ላይ ከሌለ በ«ዘ ኔከድ ስፐር» (1953) ወይም በ«ዘ ማን ፍሮም ላራሚ» (1955) ተኩት። ሦስቱም ዳይሬክተራቸው አንቶኒ ማን ነው፤ ከስቱዋርት ጋር ስምንት ፊልም ሠርቷል። ፍራንክ ካፕራ ሦስት፣ አልፍሬድ ሂችኮክ አራት። ከሦስቱ ዳይሬክተሮች ከእያንዳንዳቸው ቢያንስ አንድ ማየት ግድ ነው።

መርሐ ግብሩ ላይ የሚሳቱ ነገሮች

የፊልሙን ርዝመት ከተሰጠው የአየር ሰዓት ጋር አስተያዩ። «ሪር ዊንዶው» ማስታወቂያ በሚያስገባ ጣቢያ የሁለት ሰዓት ቦታ ከተሰጠው ትርፉ 8 ደቂቃ ብቻ ነው። ማስታወቂያው ከዚያ ስለሚበልጥ ፊልሙ ተቆርጧል ማለት ነው። በአሜሪካ ተርነር ክላሲክ ሙቪስ የተባለው ጣቢያ ሳይቆርጥና በፊልሙ መሐል ማስታወቂያ ሳያስገባ ያሳያል፤ በየኦገስቱም እያንዳንዱን ቀን ለአንድ ተዋናይ ይሰጣል። በአንጻሩ በሴኮንድ 25 ምስል በሚያሰራጩ የአውሮፓ ጣቢያዎች 130 ደቂቃ የነበረው ፊልም 125 ደቂቃ ላይ ቢያልቅ አትደንግጡ። በሴኮንድ 24 ምስል የተቀረጸው በ25 ስለሚሮጥ 4 በመቶ ይፈጥናል እንጂ የጎደለ ትዕይንት የለም።

ሁለተኛው ወጥመድ እኩለ ሌሊት ነው። ብዙ ጣቢያዎች የፕሮግራም ቀናቸውን ከንጋት እስከ ንጋት ይቆጥራሉ፤ ማክሰኞ ሥር የተጻፈ የሌሊት ፊልም በእውነቱ የረቡዕ ነው። ቀን መርጣችሁ የምትቀዱ ከሆነ ቀኑን አንድ ወደፊት ግፉ። ሦስተኛው የስም መመሳሰል ነው። በርዕስ ብቻ እንዲቀዳ የታዘዘ ሪሲቨር «ዘ ማን ሁ ኒው ቱ መች»ን ሲያገኝ የ1934ቱን ጥቁርና ነጭ ሊቀዳላችሁ ይችላል። እሱም የሂችኮክ ነው፤ ግን 75 ደቂቃ ብቻ ሲሆን ስቱዋርት የለበትም። የስቱዋርቱ የ1956ቱ ባለቀለም፣ 120 ደቂቃ ነው። ዓመቱን አይታችሁ እዘዙ።

ስትቀዱ 5 ደቂቃ ቀድማችሁ ጀምሩ፣ ከማለቂያው በኋላም 15 ደቂቃ ጨምሩ፤ ፊልም በፊልም ላይ ሲደረብ መዘግየቱ እየተጠራቀመ ይሄዳል። የማስቀመጫ ቦታውን ለማስላት፣ ስርጭቱ በሴኮንድ 8 ሜጋቢት ከሆነ አንድ ሰዓት 3.6 ጊጋባይት ይወስዳል፤ ስድስቱ ፊልሞች ከነጭማሪው 50 ጊጋባይት ገደማ ናቸው።

ቴሌቪዥኑ

አብዛኛው ጥፋት የሚደርሰው እዚህ ነው። ከ1953 በፊት የተሠሩ የሆሊውድ ፊልሞች ወደ ካሬ የቀረቡ ናቸው፤ በዛሬው ሰፊ ስክሪን ላይ ግራና ቀኙ ጥቁር ሆኖ መታየት አለበት። ባዶ ቦታ የማይወድ ሰው ወይ ይለጥጠዋል ወይ ያጎላዋል። ሲለጠጥ ሁሉም ነገር በሲሶ ይሰፋል። ማጣሪያው ራሱ ስቱዋርት ነው፦ 1 ሜትር ከ91 የሚደርስ ቀጭን ሰው ነው። ጉንጩ ሞልቶ፣ ትከሻው ሰፍቶ ካያችሁት ቴሌቪዥኑ ዋሽቷል። ሲጎላ ደግሞ ከቁመቱ ሩብ ያህል ይቆረጣል፤ የሚሄደው ከላይ ግንባር፣ ከታች እጅ ነው። የስቱዋርት ግማሽ ትወና እጁ ላይ ስለሆነ ይህ ቀላል ኪሳራ አይደለም። «ዘ ማን ፍሮም ላራሚ» የዚህ ተቃራኒ ነው። ሲኒማስኮፕ (ከዛሬው ስክሪንም የሰፋ ምስል) ስለሆነ ከላይና ከታች ጥቁር መስመር ያስፈልገዋል። ስክሪኑን እንዲሞላ ከተደረገ ከጎኑ 30 በመቶ ያህል ይጠፋል።

ቀጥሎ እንቅስቃሴን የሚያለሰልሰውን ማስተካከያ አጥፉ። ሳምሰንግ ላይ ኦቶ ሞሽን ፕላስ፣ ኤልጂ ላይ ትሩሞሽን፣ ሶኒ ላይ ሞሽንፍሎው ይባላል። በ24ቱ ምስሎች መሐል የሌለ ምስል ፈጥሮ ስለሚሰካ ፊልሙ የስቱዲዮ ድራማ ይመስላል። ፊልምሜከር ሞድ ካለ እሱን ብትመርጡ ይህንንና ሌላውንም ማስዋቢያ በአንድ ጊዜ ያጠፋል።

የኖይዝ መቀነሻውንም (ምስሉ ላይ ያለውን አሸዋ መሳይ ነጠብጣብ የሚያጸዳውን) አጥፉ። ለምን እንደሆነ «ኢትስ ኤ ዎንደርፉል ላይፍ» ላይ ታዩታላችሁ። ስቱዋርት የሚጫወተው ጆርጅ ቤይሊ መጠጥ ቤት ተቀምጦ በለሆሳስ ሲጸልይ፣ ምስሉ ካለፉት ይልቅ አሸዋማ ይሆናል። ስቱዋርት ቀረጻው ላይ ሳይታሰብ አለቀሰ፤ ያን ለቅሶ በድጋሚ ማግኘት ስለማይቻል ካፕራ የተቀረጸውን በላቦራቶሪ አጉልቶ ወደ ፊቱ አቀረበው። ያ አሸዋ የጉላቱ ምልክት ነው። ማጽጃው በርቶ ከሆነ አሸዋውን ሲጠርግ እንባውንና የፊቱን መስመር አብሮ ይጠርገዋል፤ የሚቀረው የሰም ፊት ነው።

ይኸው ፊልም በቀለም ተነክሮ ከመጣባችሁ፣ የቴሌቪዥኑን የቀለም መጠን ዜሮ ላይ አድርጉት። የመጀመሪያው ቅጂ ያለው ጥራት አይመለስም፤ ግን ከተቀባው ይሻላል። ስቱዋርት ራሱ ቀለም መቀባቱን በአደባባይ ተቃውሟል።

የድምፁ ጉዳይ አጭር ነው። ፊልሞቹ በአብዛኛው በአንድ መስመር ድምፅ የተሠሩ ናቸው፤ ሰው ሠራሽ ሰራውንዱን አጥፉ። ስቱዋርት ቃል እየጎተተና እየዋጠ ስለሚናገር የግርጌ ጽሑፍ ካለ አብሩት፤ እንግሊዝኛ አፍ የፈታባቸውም ያበሩታል።

ምን ላይ እናተኩር?

ልመናው ላይ። ስድስቱንም የሚያገናኘው ክር እሱ ነው። «ሚስተር ስሚዝ» ውስጥ ሴኔቱን እየለመነ ድምፁ እስኪዘጋ ይናገራል። ያ ጎርናና ድምፅ ማስመሰል ብቻ አይደለም፤ ሐኪም ጉሮሮውን የሜርኩሪ ውህድ እያስነካ አሻክሮታል። እዚያ ሰውየው የሚለምነው ለሌላ ሰው ነው። ጆርጅ ቤይሊ ጋ ስትደርሱ የሚለምነው ለራሱ ነው፤ ድምፁም ወደ ውስጥ ይገባል።

«ዊንቸስተር 73» ላይ ልመናው ይቋረጣል። መጠጥ ቤት ውስጥ የዳን ዱርዬን ክንድ ጠምዝዞ ጭንቅላቱን ባንኮኒው ላይ ሲደፍቀው፣ ዓይኑን ብቻ ተመልከቱ። (ክፉ ሰው ሆኖ የሚጫወተው ተዋናይ ስም በአማርኛ እንዲህ መግጠሙ አጋጣሚ ነው።) ከጦርነቱ በፊት በነበረው ስቱዋርት ውስጥ ይህ ፊት የለም። «ሪር ዊንዶው» ላይ ደግሞ እግሩ በጄሶ ታስሮ ተሽከርካሪ ወንበር ላይ ስለሆነ ከፊትና ከዓይን በቀር መሣሪያ የለውም። መስኮቱን ከሚያሳየው ምስል ይልቅ ከእያንዳንዱ መስኮት በኋላ የሚመጣውን የእሱን ፊት ቁጠሩ።

«ቨርቲጎ» ላይ የልብስ መደብሩ ትዕይንት ሲመጣ ስልካችሁን አስቀምጡ። ስቱዋርት የሚጫወተው ስኮቲ ሴቲቱን አንድ ዓይነት ግራጫ ልብስ ካልለበስሽ ይላታል። ቃሉን መጎተቱ፣ መሐል ላይ መሰናከሉ፣ «እባክሽ» የሚመስለው ድምፁ ሴኔቱ ፊት የሰማችሁት ነው። ያኔ ስታዝኑለት የነበረው ድምፅ አሁን ሴቲቱን ያስጨንቃታል። እሷ «አይሆንም» ስትል ካሜራው ወደ እሱ ሲዞር፣ ፊቱ ላይ ክፋት ፈልጉ፤ አታገኙም።