በሴት ውሻ የእንቁልጢ ካንሰር ላይ የሚሠሩ ስህተቶች

የእንቁልጢ (ኦቫሪ) ካንሰር በውሾች ላይ እምብዛም አይታይም፤ ሲመጣም ሌላ ነገር መስሎ ነው የሚመጣው። ብዙ ውሾችን የሚጎዳቸውም ይኸው ነው።

«አርግዛለች» ብሎ መጠበቅ። የውሻ እርግዝና 63 ቀን ገደማ ነው። ሆዷ እየተነፋ ጀርባዋና ጎኗ ከከሳ ግን ካንሰሩ ሆዷ ውስጥ ያስቋጠረው ውሃ ሊሆን ይችላል። መዳፍዎን በአንድ ጎኗ አሳርፈው በሌላው በኩል በጣትዎ መታ ያድርጉ፤ ውሃ ካለ ሞገዱ መዳፍዎ ላይ ይሰማዎታል። የጉበትና የልብ ሕመምም ውሃ ስለሚያስቋጥር ውሃው ተቀድቶ ይመርመር፤ አልትራሳውንድም ትነሳ።

ደም በታየ ቁጥር «ወንድ ፈልጋ ነው» ማለት። ያ ደም አብዛኛውን ጊዜ ከሦስት ሳምንት አያልፍም። ዕጢው ሆርሞን የሚያመነጭ ከሆነ ግን ብልቷ እንዳበጠ፣ ደሙም ሳይቆም ይሰነብታል። ጎንደር ላይ የግቢ ውሻ ማታ ማታ ስለሚለቀቅ በግንኙነት የሚተላለፈውን ዕጢም ማሰብ ያስፈልጋል። ይህ ዕጢ ካለባት ብልቷ ገለጥ ተደርጎ ሲታይ እንደ አበባ ጎመን የፈካ፣ ቶሎ የሚደማ ቀይ ሥጋ ይገኛል። እሱ ብዙ ጊዜ በየሳምንቱ በሚሰጥ የቪንክሪስቲን መርፌ ይድናል፤ የእንቁልጢ ካንሰር ግን በዚህ መርፌ አይድንም። ሳይለዩ መውጋት ጊዜ ማባከን ነው።

የፀጉር መርገፍን እከክ ነው ብሎ ማለፍ። በሁለቱም ጎን እኩል የሚረግፍና የማያሳክክ ከሆነ የሆርሞን ችግር ይጠርጠር። ኤስትሮጅን የተባለው የሴት ሆርሞን ሲበዛ ደም የሚሠራውን መቅኔ ስለሚጎዳ ድዷ ከነጣ የደም ምርመራ ከቀዶ ሕክምናው በፊት ይቅደም። ካንሰሩ መሠራጨቱን ለማየት የደረት ራጅም ያስፈልጋል።

ዕጢውን በሆዷ በኩል በመርፌ መውጋት። የካንሰር ሴሎችን ሆድ ዕቃ ውስጥ ሊዘራ ይችላል። ዋናው ሕክምና ሁለቱንም እንቁልጢና ማህፀኑን አንድ ላይ ማውጣት ነው፤ ካልተሠራጨ ተስፋው ጥሩ ነው።

በጣም የሚያሳዝነኝ የወጣው ዕጢ ሲጣል ነው። ዓይነቱ ሳይታወቅ ስለ ቀጣዩ ሕክምና መወሰን አይቻልም። ሐኪሙ እንዳይበሰብስ በሚያቆየው 10 በመቶ ፎርማሊን ውስጥ እንዲያስቀምጠው አስቀድመው ይንገሩት። ጎንደር ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅ ስላለው ምርመራው የት እንደሚሠራ እዚያ ይጠይቁ።

ሕመሟን ለማስታገስ ብለው ለሰው የተገዛ ዳይክሎፌናክ ወይም አይቡፕሮፌን አይስጧት፤ ጨጓራዋን ያቆስላል፣ ኩላሊቷንም ይጎዳል።