ሎጎ ወይም መተግበሪያ ከማሠራታችሁ በፊት

ለንግዳችሁ ሎጎ፣ ድረ ገጽ ወይም መተግበሪያ ልታሠሩ ነው? ቀብድ ከመክፈላችሁ በፊት ውል ጻፉ። ሠሪው የአክስት ልጅ ቢሆንም እንኳ። እንዲያውም ዘመድ ሲሆን ይበልጥ ያስፈልጋል፤ በቃል የተባለውን በኋላ ሁሉም በየራሱ መንገድ ነው የሚያስታውሰው።

አንድ ዓረፍተ ነገር በፍጹም እንዳይቀር፦ ክፍያው ሲጠናቀቅ በሥራው ላይ ያለው ኢኮኖሚያዊ መብት (ሥራውን የማባዛት፣ የመሸጥና በሥራው የመጠቀም መብት) ሙሉ በሙሉ ወደ አሠሪው ይተላለፋል የሚል። ቀጥሎ የምትረከቡትን በዝርዝር አስፍሩ። ለሎጎ ፎቶው ብቻ አይበቃም፤ ሊስተካከል የሚችለውን ዋናውን ፋይል ጠይቁ። ለመተግበሪያ ደግሞ ሶርስ ኮዱን፣ ማለትም መተግበሪያው የተጻፈበትን ኮድ። ዶሜይኑ (የድረ ገጹ አድራሻ) እና የፕሌይ ስቶር አካውንቱ ከመጀመሪያው በእናንተ ስም ይከፈቱ። ብዙ ሰው የሚቸገረው እዚህ ላይ ነው። ባለሙያው ስልክ ማንሳት ያቆመ ቀን ድረ ገጹን ማደስም ማስተካከልም አይቻልም።

ሥራው የደንበኞቻችሁን መረጃ ወይም የምርት አሠራራችሁን ለባለሙያው የሚያሳይ ከሆነ፣ ሚስጥር የመጠበቅ ግዴታ ጨምሩ። ውሉ ካለቀ በኋላ ለስንት ዓመት እንደሚጸና ይጻፍ።

ፊርማ ላይ አትስነፉ። በፍትሐ ብሔር ሕጋችን አንቀጽ 1727 መሠረት፣ በጽሑፍ መሆን ያለበት ውል ከተዋዋዮቹ ፊርማ ሌላ 2 ምስክሮች ያስፈልጉታል።

የንግድ ምልክት፣ ማለትም ምርታችሁን ከሌላው የሚለየው ስም ወይም ሎጎ፣ ግን በውል ብቻ አይጠበቅም። በአዋጅ ቁጥር 501/1998 ባለቤትነቱ የሚገኘው በምዝገባ ነው፤ የንግድ ፈቃዳችሁ ይህን አይተካም። ሎጎውን እንደተረከባችሁ ለኢትዮጵያ አእምሯዊ ንብረት ባለሥልጣን አመልክቱ። ጥበቃው ለ7 ዓመት ነው፣ ይታደሳል።