ለቡችላ አጥንት ስትሰጡ

ደሴ ላይ አረፋም ሆነ ፋሲካ ደርሶ በግ ሲታረድ ለግቢው ቡችላ አጥንት መወርወር ልማዳችን ነው። እባካችሁ ከወጥ የወጣውን አትስጡ። የተቀቀለ አጥንት፣ በተለይ የዶሮ፣ ሲሰበር እንደ መርፌ ይሾልና ጉሮሮና አንጀት ይወጋል። ጥሬው ይሻላል፤ እሱም ቢሆን ጥንቃቄ ይፈልጋል። አፉ ውስጥ ሙሉውን የማይገባ፣ ከጭንቅላቱ የሚተልቅ ይሁን፤ ትንሽ ቁራጭ ያንቀዋል። የበሬ ቅልጥም ደግሞ የትንሽ ውሻ ጥርስ ይሰብራል።

እኔ ለቡችላዬ ሥጋው ያልተለየ፣ ያልተቆራረጠ የበግ አንገት እሰጣታለሁ። በፊት እግሮቿ ጨብጣ ጫፍ ጫፉን ስትግጥ ከአጠገቧ አልነሳም። 15 ደቂቃ ያህል ከጋጠች በኋላ በቁራጭ ሥጋ አባብዬ እወስድባታለሁ፤ ነጥቃችሁ ከወሰዳችሁ ግን ሳታኝክ መዋጥ ትለምዳለች።

ከሁሉ የሚያስፈራኝ ጥሬ ጉበትና ሳንባ ነው። ውሃ የቋጠረ ነጭ ከረጢት ካያችሁበት፣ ያ የትል ዕጭ ያለበት ነው። ውሻው ሲበላው አንጀቱ ውስጥ ትል ይሆናል፤ እንቁላሉ ከኩሱ ወደ ልጆቻችን እጅ፣ ከእጅ ወደ አፍ ያልፍና ሰው ጉበት ላይ ያንኑ ከረጢት ያበቅላል። አቃጥሉት፤ ካልሆነም ውሻ ቆፍሮ እንዳያወጣው ጥልቅ አድርጋችሁ ቅበሩት።