የኤስኤስአይኤስ ፓኬጅ ብዙ ሰርቨር ላይ ስትጭኑ በየትኛው መንገድ ይሻላል?

ኤስኤስአይኤስ (SSIS) ማለት ዳታ ከቦታ ቦታ የሚያዛውር የማይክሮሶፍት ኤስኪውኤል ሰርቨር መሳሪያ ነው፣ ፓኬጅ ደግሞ የዝውውሩ ስራ የተጻፈበት ፋይል ነው። አንድ ሰርቨር ብቻ ካላችሁ ፓኬጁን በየትም በኩል ብትጭኑት ብዙ አያስቸግርም፣ ጣጣው የሚመጣው ዴቭ (መስሪያ)፣ ቴስት (መሞከሪያ)፣ ፕሮዳክሽን (እውነተኛው ስራ የሚካሄድበት) ተብሎ ሲለያይ ነው፣ ሁለተኛ ፕሮዳክሽን ሲጨመርበት ደግሞ ይብሳል።

መጀመሪያ ከሰርቨር ሰርቨር የሚቀየረው ምን እንደሆነ ለዩ። ብዙ ጊዜ የዳታቤዝ ሰርቨሩ ስም፣ ፋይል የሚነበብበት ፎልደርና ፓስወርድ ነው፣ ፓኬጁ ራሱ መቀየር የለበትም። ለየሰርቨሩ ፓኬጁን እየከፈታችሁ ኮኔክሽን (ከዳታቤዙ ጋር የሚያገናኘውን አድራሻ) እየቀየራችሁ የምትጭኑ ከሆነ እባካችሁ ተዉት። እኔ እንደዛ ስሰራ የቴስቱን ኮኔክሽን ሳልቀይር ፕሮዳክሽን ላይ ጭኜ ሌሊቱን ሙሉ የገባው ዳታ ጠዋት ቴስት ዳታቤዝ ውስጥ ተገኘ፣ ጆቡ (ፓኬጁን በሰዓቱ የሚያስነሳው) ደግሞ ኤረር ስላልሰጠ ማንም አላወቀም ነበር።

ኤስኪውኤል ሰርቨራችሁ 2012 ወይም ከዛ በኋላ ከሆነ ብዙ ሳታስቡ ፕሮጀክት ዴፕሎይመንትን (ፓኬጆቹን በሙሉ እንደ አንድ ፕሮጀክት አብሮ መጫንን) ምረጡ። ፕሮጀክቱ ቢልድ ሲደረግ አንድ የአይኤስፓክ (.ispac) ፋይል ይወጣል፣ ያንኑ ፋይል ሳትነኩት እያንዳንዱ ሰርቨር ላይ ኤስኤስአይኤስዲቢ (SSISDB) ካታሎግ፣ ማለትም ፕሮጀክቶቹ የሚቀመጡበት ዳታቤዝ ውስጥ ትጭኑታላችሁ። የሚለያየውን ነገር ፓራሜትር (ከውጭ የሚሰጥ ዋጋ) አድርጉት፣ ከዛ በየሰርቨሩ ኢንቫይሮመንት (የዛ ሰርቨር ቫሪያብሎች ስብስብ) ፍጠሩና ፓራሜትሮቹን ከሱ ጋር አገናኙ፣ የቫሪያብሎቹ ስም ሁሉም ጋ አንድ ይሁን ዋጋቸው ብቻ ይለያይ፣ ፓስወርዱን ሴንሲቲቭ ካላችሁት ካታሎጉ ኢንክሪፕት አድርጎ ያስቀምጠዋል። ካታሎጉ የድሮ ቨርዥኖችንም ይይዛል፣ ካልቀየራችሁት እስከ 10 ድረስ፣ ስለዚህ አዲሱ ከተበላሸ ወደ ቀድሞው መመለስ የደቂቃ ስራ ነው። እዚህ ላይ አንድ ነገር፣ አንድ ፓኬጅ ብቻ ለይቶ መጫን የተቻለው ከ2016 ጀምሮ ነው፣ ከዛ በፊት ያለው ላይ ሙሉ ፕሮጀክቱ ነው የሚሄደው።

2005 ወይም 2008 ላይ ከሆናችሁ ካታሎግ የለም፣ ምርጫው ኤምኤስዲቢ (ኤስኪውኤል ሰርቨር ራሱ ይዞት የሚመጣው msdb ዳታቤዝ) ወይም ፋይል ሲስተም (ተራ ፎልደር) ነው። ኤምኤስዲቢ ከዳታቤዝ ባካፑ ጋር አብሮ ይቀመጣል፣ ፋይል ደግሞ ለኮፒ ይቀላል ግን ባካፑንና የፎልደሩን ፐርሚሽን ራሳችሁ መከታተል አለባችሁ። ሁለቱም ላይ ኮኔክሽኑን በየሰርቨሩ ባለ ኮንፊግሬሽን ፋይል አውጡት።

በጣም ብዙ ሰው የሚያለቅስበት ፕሮቴክሽን ሌቭል ነው፣ ፓኬጁ ውስጥ ያለው ፓስወርድ እንዴት እንደሚቆለፍ የሚወስነው። እንደመጣ ከተዋችሁት ሚስጥሩን የሚቆልፈው በእናንተ የዊንዶውስ ዩዘር ስለሆነ ላፕቶፓችሁ ላይ ይሰራል፣ ሌላ አካውንት ሲጭነው ወይም ሲያሮጠው ግን ፓስወርዱን መፍታት ላይችል ይችላል። ሴንሲቲቭ ነገር ጭራሽ እንዳይቀመጥ የሚለውን ምረጡ፣ ለፕሮጀክቱም ለእያንዳንዱ ፓኬጅም አንድ አይነት አድርጉት፣ ፓስወርዱን ከኢንቫይሮመንቱ (2005 ወይም 2008 ላይ ከኮንፊግሬሽን ፋይሉ) ስጡት።

ካታሎግ ላይ ስትጭኑ ሰርቨሩ ከሁለት ከበለጠ የመጫኛውን ዊዛርድ በእጅ ኔክስት ኔክስት ማለቱን አቁሙ፣ ያው ዊዛርድ ከኮማንድ ላይን በሳይለንት (መስኮት ሳይከፍት) ይሰራል፣ የሰርቨሮቹን ስም ደርድራችሁ በስክሪፕት አዙሩት። ግን በዊንዶውስ አካውንት ግቡ፣ በኤስኪውኤል ሎጊን ካታሎጉ ላይ መጫን አይቻልም።

ካታሎጉ ሲፈጠር የምትሰጡትን ፓስወርድ ደህና ቦታ አስቀምጡት፣ ኤስኤስአይኤስዲቢን ወደ ሌላ ሰርቨር ስታዛውሩ ትፈልጉታላችሁ። ሰርቨሮቻችሁ ቨርዥናቸው ከተለያየ ደግሞ ቢልድ ከማድረጋችሁ በፊት ታርጌት ሰርቨር ቨርዥን የሚለውን በአሮጌው ልክ አድርጉ፣ ለ2019 የተሰራ ፓኬጅ 2016 ላይ አይሮጥም።