በሰንጢ ስለት ላይ ያለ ጭረት፦ የትኛው ይተው፣ የትኛው ይወልወል?

በየዕለቱ ከኪስ የሚወጣ ሰንጢ መጫሩ አይቀርም። በደሴም ሆነ በኮምቦልቻ ብርቱካን ይላጥበታል፣ ሸንኮራ ይቆረጥበታል፣ የማዳበሪያ አፍ ይከፈትበታል። አብዛኛው ጭረት መልክን እንጂ ሥራን አይጎዳም። ሆኖም ጭረቱን ለማጥፋት የወሰነ ሰው የብርጭቆ ወረቀትና የመወልወያ ቅባት ከመግዛቱ በፊት ሁለት ነገሮችን አስቀድሞ ማወቅ ይኖርበታል፤ እነርሱም ጭረቱ ከየት እንደመጣና የስለቱ ገጽ ከፋብሪካ ሲወጣ ምን ዓይነት እንደነበረ ናቸው።

የጭረቱ አቀማመጥ ምንጩን ያሳያል። ከአፉ ከፍ ብሎ በስለቱ ጎን ላይ የሚታይ ሰፊ ጭረት ብዙውን ጊዜ የሚመጣው ሰንጢው ሲሳል በድንጋዩ ላይ ከመጠን በላይ ስለሚተኛ ነው፤ ስለቱ ከድንጋዩ 20 ዲግሪ ያህል ከፍ ተደርጎ ከተያዘ ጎኑ ድንጋዩን አይነካም። ሰንጢው በተከፈተና በታጠፈ ቁጥር በአንድ ቦታ ላይ የሚደጋገም፣ በማጠፊያው ዙሪያ በቅስት መልክ የተሰመረ ጭረት ግን ከድንጋይ የመጣ አይደለም። በእጀታው ውስጥ አሸዋ ገብቷል፣ ወይም ስለቱ ወደ አንድ ጎን አዘንብሎ የእጀታውን ግድግዳ እየነካ ነው። ይህን ቅስት ምክንያቱ ሳይወገድ መወልወል ከንቱ ድካም ነው፤ በማግስቱ ይመለሳልና። ለብ ባለ የሳሙና ውሃና በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ የእጀታውን ውስጥ ማጠብ፣ በሚገባ ማድረቅ፣ ማጠፊያው ላይ አንድ ጠብታ የስፌት መኪና ዘይት ማድረግ በቂ ይሆናል። ማጠፊያው በብሎን የተያዘ ከሆነ ብሎኑን በጥቂቱ ማጥበቅ ወይም ማላላት ስለቱን ወደ መሐል ሊመልሰው ይችላል፤ በሪቬት (በማይፈታ የብረት ችንካር) የተያያዙት፣ ለምሳሌ እ.ኤ.አ. በ1897 በተመዘገበው የስዊስ መኮንኖች ሰንጢ አምሳል የተሠሩት፣ ይህን ዕድል አይሰጡም።

የስለት ገጽ በጥቅሉ በአራት ይከፈላል። ፊት እስኪያሳይ ድረስ የተወለወለው ትንሹን ጭረት ሁሉ ያጋልጣል፤ ነገር ግን ውሃ የሚቋጥር ሸካራነት ስለሌለው ዝገትን በተሻለ ይቋቋማል። ቀጫጭን ትይዩ መስመሮች ያሉት ገጽ በእጅ ለማደስ ከሁሉም ይቀልላል። ከጠጠር ጋር ተንከባሎ የወጣው ደብዛዛ ገጽ አዲስ ጭረትን ስለሚደብቅ እንዲሁ ቢተው ይሻላል፤ በእኔ ግምት ለዕለት ተዕለት ሥራ ከዚህ የሚሻል የለም። ጥቁር ልባስ ያለው ደግሞ ከተጫረ አይወለወልም፤ ወረቀት የነካው እንደሆነ ልባሱ እየተገፈፈ ጭረቱ ይሰፋል። በእርሱ ላይ የሚሠራው ሥራ የተጋለጠውን ብረት በስሱ ዘይት መቀባት ብቻ ነው።

የብረቱም ዓይነት ይለያያል። የማይዝግ የሚባለው ብረት ቢያንስ 10.5 በመቶ ክሮሚየም አለው፤ ክሮሚየሙም ከአየር ጋር ተዋህዶ ብረቱን የሚከልል ስስ ሽፋን ይሠራል። የእኛ ቀጥቃጮች ከመኪና ባሌስትራ የሚያወጡት ቢላዋና ሰንጢ ግን ይህ ከለላ የለውም። ብርቱካን ወይም ሎሚ ሲነካው ግራጫ ወይም ሰማያዊ ጥላ ያጠላበታል። ይህ ጥላ ከብርቱካናማው ዝገት የተለየ ከመሆኑም በላይ ብረቱን በመጠኑ ስለሚከላከል፣ እድፍ ነው ብሎ መፈግፈግ አይገባም።

ሥራው የሚጀመረው አፉን በመሸፈን ነው። ሰንጢውን ከፍተው፣ መቆለፊያ ካለው መቆለፉን አረጋግጠው፣ አፉን ከመነሻው እስከ ጫፉ በወፍራም ፕላስተር ይሸፍኑ፤ ከዚያም ስለቱ በሙሉ እንዲያርፍ አድርገው በጠፍጣፋ ጣውላ ላይ ያስተኙት። የሚያስፈልገው የመኪና ቀለም ቀቢዎች የሚጠቀሙበት፣ በውሃ የሚሠራው የብርጭቆ ወረቀት ነው፤ በጀርባው ያለው ቁጥር በጨመረ መጠን ወረቀቱ ይለሰልሳል። ጥፍር ሲያልፍበት የማይሰማ ጭረት ከ1000 የሻከረ ወረቀት አያሻውም። ጥፍር የሚይዝ ጥልቅ ጭረት ከሆነ ግን በ400 ወይም በ600 ተጀምሮ ወደ 800ና ወደ 1000 ይወጣል።

ወረቀቱን በትንሽ እንጨት ወይም በጠንካራ ላጲስ ላይ ጠቅልለው በሳሙና ውሃ ያርሱት። መስመር ባለው ገጽ ላይ የቀድሞዎቹን መስመሮች አቅጣጫ መከተል ግዴታ ነው። መስመሮቹ በቁመቱ የሚሄዱ ከሆነ ከእጀታው ወደ ጫፉ፣ አግድም ከሆኑ ከአፉ ወደ ጀርባው ይሳቡ፤ መጨረሻው ላይ ሲደርሱ ወረቀቱን አንሥተው እንደገና ከመነሻው ይጀምሩ። ወዲያና ወዲህ የሚመላለስ እጅ በሚዞርበት ቦታ ላይ መንጠቆ የመሰለ ምልክት ይተዋል። የተጫረውን ቦታ ለይቶ መፈግፈግም የባሰ እንከን ይፈጥራል፤ ጎኑ በሙሉ እኩል ካልተሠራ ያ ቦታ ብቻ በርቶ ይታያል። ፊት የሚያሳይ ገጽ ሲፈለግ አሠራሩ ይለወጣል፦ ወረቀት በተቀየረ ቁጥር አቅጣጫው ከበፊቱ ጋር እንዲሻገር ይደረጋል፣ የቀደመው ወረቀት መስመር አንድም ሳይቀር እስኪጠፋ ድረስ ወደሚቀጥለው አይታለፍም፣ ከ2000 በኋላም በለስላሳ ጨርቅ የብረት መወልወያ ቅባት ይታሻል። የጥርስ ሳሙና ጭጋጋማነትን ብቻ ያነሣል፤ ከዚያ በላይ አይጠበቅበትም። በሁለት ወረቀቶች መካከል ስለቱንም ጣውላውንም ማጠብ ያስፈልጋል፤ ከሻካራው ወረቀት የተረፈች አንዲት ቅንጣት የአንድ ሰዓት ሙሉ ሥራ ታበላሻለችና።

ለማፋጠን ብሎ ሰንጢን ለግራይንደር መስጠት ከሁሉ የከፋው ስህተት ነው። ስሱ ብረት በቅጽበት ይግላል፤ ወደ 300 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ደርሶ ሰማያዊ ከለበሰ ጥንካሬውን ያጣል፣ ከዚያ በኋላም ቢሳል ስለቱ አይቆይም። ገጹ ያማረ፣ ነገር ግን ቲማቲም የማይቆርጥ ሰንጢ የሚገኘው በዚህ መንገድ ነው።

ሲጨረስ ፕላስተሩ ይነሣል፣ ሙጫው ይጸዳል፣ አፉ እንደገና ይሳላል፣ ስለቱም በደረቅ ጨርቅ ታሽቶ ይቀባል። ለምግብ የሚውል ሰንጢ ስስ ቫዝሊን ይበቃዋል። የኑግ ዘይት ግን ሲቆይ እንደ ሙጫ ስለሚጣበቅ ማጠፊያውን ያይዛል። አዲስ የተፈገፈገ ብረት ለእርጥበት ስሱ ስለሆነ፣ ጭጋጉ ከጦሳ ተራራ ወደ ደሴ በሚወርድበት ክረምት ስለቱን ቶሎ ቶሎ መመልከት ይገባል። በቆዳ ማኅደር የሚያዝ ከሆነም ቆዳው እርጥበት ስለሚይዝ ማታ ማታ ከማኅደሩ ወጥቶ ለብቻው ይቀመጥ።