ለሌላ ሰው ሲላክ የማይከፈት ሊንክ፦ ምልክቱ፣ መንስኤውና መፍትሄው

ጎንደር ውስጥ ላሉ ጥቂት የእንግዳ ማረፊያዎች የጋራ የክፍል ማስያዣ ሥርዓት በዊኬት (በጃቫ ቋንቋ ድረ ገጽ መሥሪያ ፍሬምወርክ፣ ማለትም ዝግጁ የኮድ መዋቅር) ሠርቼ ካስረከብሁ በኋላ፣ ከጥምቀት በፊት ባሉት ሳምንታት አንድ ቅሬታ ተደጋገመብኝ። ፒያሳ ያለችው እንግዳ ተቀባይ ከአፄ ፋሲል መዋኛ የማይርቁትንና ከጥር 10 እስከ 12 ክፍት የሆኑትን ክፍሎች አጣርታ የገጹን አድራሻ በቴሌግራም ለአስጎብኚው ትልካለች፤ በእርሷ ስክሪን ላይ ዝርዝሩ እየታየ፣ በእርሱ ስልክ ላይ ግን «ገጹ ጊዜው አልፎበታል» የሚል ጽሑፍ ብቻ ይመጣል። እርሷ ራሷም ማታ ቡክማርክ ያደረገችውን ገጽ ጠዋት ስትከፍት ያንኑ መልእክት ታገኛለች። ስህተቱ የኔትወርኩም የስልኩም አልነበረም፤ ከእኔ አሠራር የመጣ ነበር።

አድራሻው ቁጥር ብቻ ሲይዝ

የተላከው አድራሻ መጨረሻ ላይ «ዊኬት»፣ «ፔጅ»፣ የጥያቄ ምልክትና 7 ቁጥር እንጂ ሰፈርም ቀንም አልነበረም። ያ 7 ክፍልን የሚለይ ቁጥር ሳይሆን፣ በእንግዳ ተቀባይዋ ሴሽን (ሰርቨሩ ለአንድ ብሮውዘር ለጊዜው በሚይዘው ማስታወሻ) ውስጥ ለተፈጠረው ገጽ የተሰጠ ተራ ቁጥር ነው። ብሮውዘርና ሰርቨር የሚነጋገሩበት ኤችቲቲፒ በራሱ ያለፈውን ጥያቄ ስለማያስታውስ፣ እንደ ዊኬት ያሉ ፍሬምወርኮች የማስታወሱን ሥራ ተረክበው ገጹን ከነሁኔታው ሰርቨር ላይ ያስቀምጡታል። የአስጎብኚው ብሮውዘር ሌላ ሴሽን ስላለው እዚያ 7 ቁጥር ገጽ የለም፤ ሥርዓቱን የሚያስኬደው ሰርቨር ቶምካት ደግሞ ቅንብሩ ካልተቀየረ በቀር ለ30 ደቂቃ ያልተነካን ሴሽን ስለሚዘጋ ጠዋት ላይ የእርሷም ገጽ ጠፍቷል።

በኮዱ ውስጥ መንስኤው አንድ መስመር ነው፦ ሊንኩ ሲነካ የተዘጋጀ የዳታ ኦብጀክት ለአዲስ ገጽ አቀብዬ ነበር። ገጹ ኦብጀክት የሚቀበል ኮንስትራክተር (ገጹን የሚፈጥረው የኮድ ክፍል) ብቻ ካለው፣ ፍሬምወርኩ ከአድራሻው ተነሥቶ እንደገና ሊሠራው አይችልም። ስለዚህ ለገጹ ፔጅ ፓራሜተርስ፣ ማለትም በአድራሻው ውስጥ የሚጻፉትን ዋጋዎች፣ የሚቀበል ኮንስትራክተር ጻፍሁለት፤ መለያ ቁጥሮችን ብቻ አቀብዬ ዝርዝሩን በየጥያቄው ከዳታቤዝ እንዲያመጣ አደረግሁ፤ ሊንኩን ከአድራሻው ብቻ በሚከፈተው የዊኬት ሊንክ በቡክማርከብል ፔጅ ሊንክ ተካሁት፤ በአፕሊኬሽኑ የማስጀመሪያ ሜተድ ውስጥም ገጹን ከሚነበብ አድራሻ ጋር ማውንት አደረግሁት (አያያዝሁት)። የማጣሪያው ቅጽ ሲላክም ሥርዓቱ ምርጫዎቹን ፓራሜትር አድርጎ ወደዚያው ገጽ ይመልሰዋል።

አድራሻው ውስጥ ምን ይግባ የሚለው ከኮዱ ይልቅ ብዙ ማሰብ ይጠይቃል። ተቀባዩ ያንኑ ነገር እንዲያይ የሚያስፈልገው ሁሉ፣ ማለትም ሰፈሩ፣ ቀኑ፣ የዝርዝሩ ገጽ ቁጥርና የአደራደሩ ቅደም ተከተል ይገባል፤ በግማሽ የተሞላ ቅጽ ግን ሴሽን ውስጥ ይቆይ፤ ዋጋም ከአድራሻ ሳይሆን ከዳታቤዝ ይነበብ። የሰፈር ስም በፊደል እንዳይገባ አጥብቄ እመክራለሁ፤ «ፒያሳ» የሚለው ባለ 3 ፊደል ቃል አድራሻ ውስጥ ለመግባት በዩቲኤፍ 8 (ፊደልን ወደ ኮምፒውተር ቁጥር በሚለውጠው ሥርዓት) ሲቀየር 27 ምልክት ይሆናል፤ ከዚያም በላይ አንዱ «አፄ» ሌላው «ዐጼ» ብሎ ስለሚጽፍ ፍለጋው ይስታል። ቀኑም በአንድ የዘመን አቆጣጠር ከነዓመተ ምሕረቱ ይጻፍ፤ ጥር 11 አብዛኛውን ጊዜ ከጃንዋሪ 19፣ በየ4 ዓመቱ ግን ከጃንዋሪ 20 ጋር ስለሚገጥም፣ በዚህ የሚሳሳት ሥርዓት እንግዳውን የጥምቀት ዕለት ያለ ማደሪያ ሊያስቀረው ይችላል።

አድራሻ በማንም እጅ ሊለወጥ እንደሚችልም አይዘንጋ። የተመልካቹ ፈቃድ በየጥያቄው ሰርቨር ላይ ይረጋገጥ፤ በቁጥር ቦታ ፊደል ቢመጣ ደግሞ መልሱ 404 (ገጹ አልተገኘም) እንጂ 500 (የሰርቨር ስህተት) መሆን የለበትም።

አድራሻው በአንድ ገጽ ወደ ኋላ ሲቀር

በጄኤስኤፍ፣ በሌላው የጃቫ ድረ ገጽ መሥሪያ ፍሬምወርክ፣ የሚሠሩ ሰዎች የሚያዩት ምልክት የተለየ ነው፤ ስክሪኑ የክፍሉን ዝርዝር እያሳየ አድራሻው የፍለጋውን ገጽ እንደያዘ ይቀራል። ኮማንድ ሊንክ የሚባለው የጄኤስኤፍ ሊንክ ጥያቄውን በፖስት (ዳታውን ከአድራሻው ውጭ በሚልክ ዘዴ) ለነበረበት ገጽ ስለሚልክና ሰርቨሩ በውስጥ ወደ ሌላው ገጽ ስለሚያሻግር፣ ብሮውዘሩ ለውጡን አያውቅም። ለማሰስ ብቻ የሚያገለግለውን ሊንክ በ2009 በጄኤስኤፍ 2.0 በመጣውና ጥያቄውን በጌት (ዳታውን በአድራሻው ውስጥ በሚልክ ዘዴ) በሚልከው ተራ ሊንክ መተካት፣ ፓራሜትሩን በቪው ፓራም (የአድራሻውን ዋጋ ለገጹ በሚያቀብል ታግ) መቀበል፣ ከቅጽ በኋላም ሪዳይሬክት ማድረግ (ብሮውዘሩን ወደ አዲሱ አድራሻ መላክ) ችግሩን ይፈታዋል።

በአድራሻው ውስጥ የሴሽን መለያ ሲታይ

የሴሽኑ መለያ መጠሪያ የሆነው «ጄሴሽንአይዲ» የሚል ቃል በአድራሻው ውስጥ ካለ ሌላው ሥራ ይቆይ። ያንን ሊንክ የተቀበለ ሰው በላኪው ስም ሊገባ ይችላልና፣ በአፕሊኬሽኑ የቅንብር ፋይል በዌብ ኤክስኤምኤል ውስጥ የሴሽን መከታተያው ኩኪ (ብሮውዘሩ የሚይዘው ትንሽ መረጃ) ብቻ እንዲሆን ወዲያውኑ ይታዘዝ፤ ይህ የጃቫ ድረ ገጾች ከሚመሩበት የሰርቭሌት ደንብ 3.0 ጀምሮ ይቻላል።

ማስተካከያውን መፈተን የሚገባው በሠሩበት ብሮውዘር አይደለም፤ የራስ ሴሽን ስህተቱን ይሸፍነዋልና። ሊንኩን በግል መስኮት ወይም በሌላ ሰው ስልክ ክፈቱት። አስቀድመው በቴሌግራም የተላኩት ባለቁጥር ሊንኮች ግን አይድኑም፤ ለእነርሱ ጊዜው ያለፈበትን ገጽ የሚተካው ገጽ ባዶ የስህተት መልእክት ሳይሆን የክፍል መፈለጊያው እንዲሆን በዊኬት ቅንብር ውስጥ አስተካክያለሁ።