የአንቲቦዲ ውጤት ይዛችሁ ደረጃው ላይ ለቆማችሁ

ከፒያሳ በቸርችል ጎዳና ወደ ቴዎድሮስ አደባባይ ስትወርዱ፣ አንድ ሕንፃ ላይ ባለ የግል ላብራቶሪ እሠራለሁ። ሥራዬ ደም መመርመር ነው። ውጤቱን ከበሽተኛው ጋር አገናኝቶ መፍረድ የሐኪም ነው። ግን ሰው ሐኪሙ ዘንድ እስኪደርስ መች ይጠብቃል? ወረቀቱን ከመስኮቱ ይቀበላል፣ ደረጃው ላይ ይቆማል፣ ስልኩን አውጥቶ መጎርጎር ይጀምራል። ከዚያ ፊቱ ሲለወጥ አያለሁ። ይህን የጻፍኩት ደረጃው ላይ ለምትቆሙባት ለዚያች አሥር ደቂቃ ነው።

መጀመሪያ የራሴን ጥፋት ልናገር። ሥራ በጀመርኩ ሰሞን አንዲት እናት መጡ። መዳፋቸውን በነጠላቸው ጫፍ ያሻሉ። «ልጄ፣ ዓይኔ አያነብልኝም፤ ምን ይላል?» አሉኝ። ከኋላቸው ሰልፍ አለ። «ፖዘቲቭ ነው እማማ» ብዬ ወረቀቱን ሰጠኋቸው። እዚያው መስኮቱ ሥር ቁጭ አሉ። «ባሌ ከሞተ ሃያ ዓመቱ! ከየት አመጣሁት?» ለካ የሰሙት ኤችአይቪ ነው። በዚህ ከተማ «ፖዘቲቭ» የሚባለው ቃል ስንት ዓመት ለአንድ ነገር ብቻ ሲነገር እንደኖረ ረስቼው ነበር። የሳቸው ወረቀት የሚያወራው ስለ ጉበት ነው።

ስለዚህ ከቃሉ እንጀምር። ፖዘቲቭ ማለት የተፈለገው ነገር ተገኘ ማለት ነው፤ በቃ። ምን እንደተፈለገ ሳታዩ አትደንግጡ፣ አትደሰቱም። የሄፓታይተስ ቢ ወረቀት ላይ ሁለት ተመሳሳይ የሚመስሉ መስመሮች አሉ። «ኤችቢኤስ አንቲጅን» ፖዘቲቭ ከሆነ ቫይረሱ ራሱ ሰውነት ውስጥ አለ። «አንቲ ኤችቢኤስ» ፖዘቲቭ ከሆነ ግን መከላከያ አላችሁ፤ በክትባት ወይም በሽታው ይዟችሁ በመዳናችሁ የመጣ ነው። ቁጥሩ 10 እና ከዚያ በላይ ከሆነ በቂ ተብሎ ይወሰዳል። ያው ቃል፣ ተቃራኒ ወሬ። በሄፓታይተስ ሲ ደግሞ አንቲቦዲው ሰው ታክሞ ከዳነ በኋላም አብሮት ይኖራል። ስለዚህ ቫይረሱ አሁን መኖር አለመኖሩን ለማወቅ ሌላ ምርመራ ያስፈልጋል።

አንቲቦዲ ሰውነት ባዕድ ነገር ሲገባበት የሚያመርተው መከላከያ ነው። የጊቢ ዘበኛ በሉት። አንዳንዴ ዘበኛው ይሳሳትና ባለቤቱን ሌባ ብሎ ይይዛል። ሰውነት ራሱን የሚያጠቃባቸው በሽታዎች የሚባሉት እነዚያ ናቸው። እኛ ላብራቶሪ ውስጥ የምንፈልገው ይህን የተሳሳተ ዘበኛ ነው። ችግሩ፣ የተሳሳተ ዘበኛ ያለበት ቤት ሁሉ ጠብ የለበትም።

ጉበት ሲጠረጠር አብዛኛውን ጊዜ የሚታዘዙት አራት ናቸው። ኤ ኤን ኤ የሴል አስኳል ላይ የሚነሳውን አንቲቦዲ ይፈልጋል። ሉፐስ (ሰውነት ራሱን ከሚያጠቃባቸው በሽታዎች አንዱ) ሲጠረጠርም መጀመሪያ የሚታዘዘው እሱ ነው። ኤ ኤስ ኤም ኤ የለስላሳ ጡንቻ ነው። ስሙን አይታችሁ ጡንቻዬን ታመምኩ እንዳትሉ፤ ከኤ ኤን ኤ ጋር ሆኖ የሚጠቁመው ሰውነት የራሱን ጉበት የሚያቆስልበትን ሄፓታይተስ ነው። ኤል ኬ ኤም የዚሁ በሽታ ሁለተኛ ዓይነት ምልክት ነው፣ በብዛት ልጆች ላይ ይታያል። አራተኛው ኤ ኤም ኤ ነው፤ ሚቶኮንድሪያ በሚባለው የሴል ኃይል ማመንጫ ላይ ይነሳል። ፒቢሲ የሚባለው፣ ጉበት ውስጥ ያሉትን ቀጫጭን የሐሞት ቱቦዎች ቀስ እያለ የሚያበላሸው በሽታ ካለባቸው 100 ሰዎች ከ90 በላይ በሚሆኑት ላይ ይገኛል። የእማማ ፖዘቲቭ ይሄ ነበር።

አሁን ወደ ቁጥሩ። 1:40፣ 1:80፣ 1:160 የሚል ታያላችሁ። ሰው በብዛት የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው።

ቡና አስቡ። አቦል ወፍራም ነው። ውሃ ተጨምሮ ቶና ይሆናል፣ ከዚያ በረካ። በረካው ላይ አሁንም ቡና ቡና ካለ፣ መጀመሪያውኑ የተጣደው ብዙ ቡና ነበር ማለት ነው። እኛም እንደዚያ ነው የምናደርገው። አንድ እጅ ሴረም (ደሙ ረግቶ ሲለይ የሚቀረው ፈሳሽ) ከ39 እጅ ማቅጠኛ ፈሳሽ ጋር ሲቀላቀል 1:40 ይባላል። እሱን በእጥፍ እናቀጥናለን፣ 1:80። ደግሞ በእጥፍ፣ 1:160። እያንዳንዷን ጠብታ ሴሎች የተለጠፉበት መስታወት ላይ እናሳርፋለን፣ እናጥባለን፣ የሚያበራ ቀለም እንጨምራለን፣ ደግሞ እናጥባለን። ከዚያ መብራት አጥፍተን በማይክሮስኮፕ እናያለን። አንቲቦዲ ካለ የሴሎቹ አስኳል በጥቁሩ ውስጥ አረንጓዴ ያበራል፣ እንደ ቃሪያ ፍሬ ተበትኖ። እየቀጠነ ሲሄድ ብርሃኑ ይደክማል። መጨረሻ ላይ ያየሁበትን ቁጥር እጽፋለሁ። ስለዚህ ሁለተኛው ቁጥር በጨመረ መጠን አንቲቦዲው ብዙ ነው።

ልብ በሉ፣ የምታየው ዓይኔ ናት። አንዱ ቤት 1:160 ያለውን ሌላው ቤት 1:320 ቢለው የአንድ ደረጃ ልዩነት ነው፤ ያው የተለመደ ነው። አንድ ወጣት «በወር ውስጥ በሽታዬ እጥፍ ሆነ» ብሎ እንባው እየመጣ ሁለት ወረቀት አሳይቶኛል። ላብራቶሪ ነው የቀየረው እንጂ በሽታው ያው ነው። አንዳንድ ቦታ ደግሞ ምርመራውን ማሽን ይሠራዋል፤ ውጤቱ በሌላ መለኪያ ይወጣል። ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጦ ማወዳደር ብርንና ኪሎን እንደማወዳደር ነው። የምትችሉ ከሆነ ሁልጊዜ አንድ ቤት ተመርመሩ።

ዝቅተኛ ኤ ኤን ኤ ደግሞ ጤነኛ ሰው ላይም ሞልቷል። 1997 እ.ኤ.አ. በብዙ ላብራቶሪዎች በተሠራ አንድ ጥናት ከ100 ጤነኛ ሰዎች 30 ያህሉ በ1:40፣ 13 ያህሉ በ1:80፣ 5 ያህሉ በ1:160 ፖዘቲቭ ሆነዋል። እኔም ራሴን መርምሬ 1:80 አግኝቻለሁ። ይኸው ስንት ዓመቴ፣ እየሠራሁ ነው።

መድኃኒትም ያስነሳዋል። የቲቢው አይሶናያዚድ፣ የደም ግፊቱ ሃይድራላዚን በዚህ የታወቁ ናቸው። የምትወስዱትን ሁሉ ለሐኪሙ ንገሩ፤ ከመርካቶ የተገዛውን ሥርና ቅጠልም ጭምር። የምትቅሙም እንዲሁ። ሐረር ላይ የተሠራ ጥናት ጫት መቃምን ከቆየ የጉበት በሽታ ጋር አያይዞታል፣ መልኩም ሰውነት የራሱን ጉበት ከሚያቆስልበት ሄፓታይተስ ጋር የሚምታታበት ጊዜ አለ። ሐኪም ፖሊስ አይደለም፤ ዝም ያላችሁት ነገር ግን ምርመራውን ያሳስተዋል።

ኔጋቲቭም ሙሉ ነጻነት አይደለም። አንቲቦዲ ሳይገኝባቸው ጉበታቸው በዚሁ በሽታ የሚቆስል ሰዎች አሉ። እዚያ ላይ የሚፈርደው በመርፌ ከጉበት የሚወሰደው ቁንጣሪ ሥጋ ነው። ሉፐስ ላይ ግን ይለያል፤ በሽታው ያለባቸው ሁሉም ለማለት ይቻላል ኤ ኤን ኤ ስለሚገኝባቸው፣ ኔጋቲቭ ከሆነ ሐኪሙ ወደ ሌላ ያያል።

ለማንኛውም አንቲቦዲውን ብቻውን አታንብቡት። ያንኑ ወረቀት ገልብጡና የጉበት ምርመራውን ፈልጉ። ኤስ ጂ ፒ ቲ እና ኤስ ጂ ኦ ቲ የሚባሉት የጉበት ኢንዛይሞች በጣም ከጨመሩ የጉበት ሴሎች እየቆሰሉ ነው። አልካላይን ፎስፋቴዝ የሚባለው ሌላው ኢንዛይም ከነሱ ይልቅ ከጨመረ የሐሞት መንገዱ ይጠረጠራል። አይጂጂ የሚባለው አጠቃላይ የአንቲቦዲ መጠን ከፍ ካለ ሰውነት የራሱን ጉበት የሚያቆስልበት ሄፓታይተስ ጥርጣሬ ይጠነክራል። ኤ ኤስ ኤም ኤ 1:40 ሆኖ እነዚህ ሁሉ ደህና ከሆኑ፣ ሐኪማችሁ «ቆይተን እናየዋለን» ቢላችሁ ችላ ብሏችሁ አይደለም።

ስለ ደም መስጠቱ ብዙ የሚባል የለም። ለአንቲቦዲ መጾም አያስፈልግም፤ ቁርስ በልታችሁ ኑ። የስኳርና የቅባት ምርመራ አብሮ ከታዘዘ ብቻ ጠይቁ። አንዳንድ ቤት ናሙናውን ወደ ውጭ አገር ስለሚልክ ውጤቱ ከቆየ አትደንግጡ። አንድ ነገር ግን አደራ፦ ከመመርመራችሁ በፊት ሰው መክሯችሁ ፕሬድኒሶሎን የሚባለውን የሰውነትን መከላከያ የሚያበርድ መድኃኒት ከፋርማሲ ገዝታችሁ አትዋጡ፣ ምልክቱን ሸፍኖ ያሳስተናል። በሐኪም ታዝዞላችሁ የምትወስዱት ከሆነ ደግሞ ለምርመራ ብላችሁ እንዳታቋርጡ፤ በድንገት ማቆም ራሱ አደጋ ነው። ዓይኑ ቢጫ ሆኖ የሚዘባርቅ ወይም ደም የሚያስታውክ ሰው ካለ የምን ውጤት መጠበቅ ነው፣ ቀጥታ ድንገተኛ ክፍል።

እማማስ? ያን ቀን ወጥቼ አጠገባቸው ተቀመጥኩ። ሌሊት ሌሊት መዳፋቸውንና ውስጥ እግራቸውን ሲያሳክካቸው ሁለት ዓመት አልፏል፣ የቆዳ ቅባት ሲቀቡ ነው የከረሙት። ልጃቸው ስልኩ ላይ የበሽታውን ስም ሲፈልግ «ሲሮሲስ» የሚል፣ ሰው ከመጠጥ ጋር የሚያያይዘውን የጉበት ጠባሳ ስም አገኘና «እማዬ፣ ትጠጪያለሽ እንዴ?» አላቸው። አረቄ በአፋቸው ዞሮ አያውቅም። ሲሮሲስ የሚለው ቃል ያለበት የፒቢሲ የድሮ ስሙ ነው። አብዛኛው በሽተኛ ሲሮሲስ ስለሌለበት 2015 እ.ኤ.አ. ስሙ ተቀይሯል። አልካላይናቸውም ከፍ ብሎ ስለነበር ሐኪማቸው ኡርሶ የሚባለውን ክኒን ጀመሩላቸው።

እስከ ዛሬ በየስድስት ወሩ ይመጣሉ። ወረቀቶቻቸውን በቀን ቅደም ተከተል ደርድረው በአንድ ፌስታል ይይዛሉ፤ እንደሳቸው የሚያደርግ ሰው ብዙ አላየሁም። ኤ ኤም ኤ አንዴ ከተገኘ እንደማይጠፋ፣ ቁጥሩ መውጣት መውረዱም የበሽታውን ክብደት እንደማያሳይ ያውቃሉ። ባለፈው አንድ አዲስ ልጅ መስኮቱ ላይ ሆኖ የድሮውን ወረቀት አየና ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «እማማ፣ ይሄኛው ፖዘቲቭ ነው» አላቸው።

«እሱን ተወው ልጄ፣ እሱ አብሮኝ ነው የሚቀበር» አሉት። «አልካላይኔ ስንት ገባ?»